ማሰሪያው እስኪመጣ

«ነጋዴው ገበሬው ደላላው በርበሬ ረክሷል እንዳለው ቢነግረው አላመነም።»

በቡሬ የበርበሬ ገበያ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው፤ በሰዋስውም በኩል ነቀፋ የለበትም። ሆኖም በአንድ ንባብ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። አራት ባለቤቶች ተከታትለው ይመጣሉ፦ ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ደላላው፣ በርበሬ። አንዳቸውም ምን እንዳደረጉ ሳይነገረን አራቱንም ይዘን እንቆያለን። ከዚያ ግሦቹ በተገላቢጦሽ ይመለሳሉ፦ መርከስ የበርበሬው፣ ማለት የደላላው፣ መንገር የገበሬው፣ አለማመን የነጋዴው። መጀመሪያ የገባው መጨረሻ ይወጣል። አንዱን ሰው አስወጥተን «ገበሬው ደላላው በርበሬ ረክሷል ቢለው አላመነም» ብንል ሰሚው አይቸገርም። አንድ ሰው ጨምረን አምስት ብናደርጋቸው ግን የሚከተለን አይኖርም። ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አምስት ስናልፍ የጣስነው የሰዋስው ሕግ የለም። ሕጉ እንዳለ ነው፤ የሞላው የሰሚው መያዣ ነው።

ይህን ጉዳይ ከፕሮግራም ቋንቋዎች ጋር አያይዤ ማየት የፈለግሁት እዚያ ያው ችግር በቁጥር ተለክቶ፣ በሰነድ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ኮምፓይለር ሰው በሚያነበው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ማሽን ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። የሚከፍት ቅንፍ ሲያገኝ አንድ ነገር መጀመሩን ይመዘግባል፤ የሚዘጋው እስኪመጣ ያልተቋጨውን ይዞ ይቆያል። በመካከል ሌላ ቅንፍ ከተከፈተ እሱንም ከላዩ ይደርባል። በቅንፍ የታጠረው ክፍል ብሎክ ይባላል። በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ጸሐፊው ስሞችን ከነዓይነታቸው ያስታውቃል፦ ይህ ስም ቁጥር ነው፣ ያኛው የቁጥሮች ዝርዝር (አሬይ) ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለን ነገር የሚያመለክት (ፖይንተር) ነው። እንዲህ ማስታወቅ ዲክላሬሽን ይባላል። ከውስጥ ያለው ብሎክ በውጭኛው የታወቀውን ስም ያያል፤ ውጭኛው ግን የውስጠኛውን አያይም። ውስጠኛው ያንኑ ስም ለሌላ ነገር ካስታወቀው፣ እስኪዘጋ ድረስ የውጭኛው ስም ተሸፍኖ ይቆያል። በጃቢ ጠህናን ገጠር ያለ ሰው «ሚካኤል ተሳልሜ መጣሁ» ሲል የቅርቡን፣ የአጥቢያውን ማለቱ ነው፤ የጅጋውን ወይም የማንኩሳውን ማለቱ ከሆነ ቦታውን አብሮ ይጠራል። ኮምፓይለርም ስም ሲያጋጥመው የሚፈልገው እንዲሁ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው።

ያልተቋጨውን መያዣ ስፍራ ስታክ ይሉታል። ፍሪድሪክ ባወርና ክላውስ ዛመልዞን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓተንት አቅርበውታል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው አልጎል 60 የተባለው ቋንቋ ብሎክን በብሎክ ውስጥ መክተትን የቋንቋው ዋና ባሕርይ አደረገው፤ የኔዘርላንዱ ኤድስኸር ዳይክስትራም ከባልደረባው ጋር በዚያው ዓመት ኮምፓይለር ሠራለት። በቋንቋው ደንብ ብሎክ በብሎክ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ብሎክ ውስጥ ሲገባ እስከ ስንት ድረስ እንደሚፈቀድ የተጻፈ ነገር የለም። ደንቡ ማለቂያ የለውም። ማለቂያ ያለው ማሽኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ወሰኑን መናገር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሲ ቋንቋ የአሜሪካ ደረጃ ይህን በግልጽ አደረገው። አንድ ኮምፓይለር ቢያንስ 15 ብሎኮችን አንዱን በአንዱ ውስጥ፣ በአንድ ዲክላሬሽን ውስጥ 31 ቅንፎችን፣ በአንድ ስሌት ውስጥ 32 ቅንፎችን መሸከም እንዳለበት ደነገገ። በአንድ ስም ላይ ደግሞ ቢያንስ 12 ንብርብሮች እንዲሸከም። ይህ የመጨረሻው ማብራሪያ ይፈልጋል። «ቁጥር የሚመልስ ፋንክሽን የሚያመለክት ፖይንተር የያዘ አሬይ» ስንል ቁጥር በሚለው መሠረታዊ ዓይነት ላይ ሦስት ንብርብሮች ደርበናል፦ ፋንክሽን (ሲጠሩት ሥራ ሠርቶ ውጤት የሚመልስ የፕሮግራም ክፍል)፣ ፖይንተር፣ አሬይ። ደረጃው እንዲህ ያለውን እስከ 12 ድረስ ተሸከም ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደረጃው ሲሻሻል የብሎኩ ቁጥር ከ15 ወደ 127 ዘለለ፤ የቅንፎቹ ከ31 እና ከ32 ወደ 63 አደገ። 12 ግን 12 ሆኖ ቀረ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ እጅግ አድጓል፤ በአንድ ስም ላይ አሥራ ሦስት ንብርብር መደረብ የሚፈልግ ሰው ግን የበዛ አይመስለኝም።

ወሰን ከየት እንደሚወለድ የሚያሳይ ጥርት ያለ ምሳሌ አለ። ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዓለም የኮምፓይል ውጤት ይቀመጥበት የነበረ ኮፍ የሚባል የፋይል ቅርጽ ነበር። በዚህ ቅርጽ የአንድ ስም ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ 16 ቢት፣ ማለትም 16 የ0 ወይም የ1 ማስቀመጫ፣ ብቻ ነው። ከእነዚህ 4ቱ መሠረታዊውን ዓይነት ይይዛሉ። የቀሩት 12 ቢቶች ለንብርብሮቹ ናቸው። እያንዳንዱ ንብርብር ምንም፣ ፖይንተር፣ ፋንክሽን ወይም አሬይ ከመሆን ስለማያልፍ ሁለት ቢት ይበቃዋል፤ 12ን ለ2 ስናካፍል 6 ይሆናል። ሰባተኛው ንብርብር ስሕተት ስለሆነ አይደለም የቀረው። የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ነው። ደንቡን የጻፈውም ፕሮግራሙን የጻፈውም ሳያጠፉ፣ በመካከል ያለ ሰው ስንት ቢት ልመድብ ብሎ አንድ ቀን የወሰነው ውሳኔ የሚነገረውን ነገር ልክ ይወስናል።

ዛሬም ቁጥሩ ከቤት ቤት ይለያያል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ብሎክ በብሎክ ውስጥ ከ128 ሲያልፍ ይቆማል። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር ተጠቃሚው ካልቀየረው በቀር 256 ቅንፍ ይሸከማል። ፓይተን የተባለው ቋንቋ ለብዙ ዓመታት አንዱ በአንዱ ውስጥ የተከተቱ ሉፖችን (ተደጋግመው የሚፈጸሙ ትእዛዞችን) ከ20 በላይ አልተቀበለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሁለት መቶ ብሎክ ያህል የተከተተ ፕሮግራም ቢጻፍ፣ በአንዱ ኮምፓይለር ሲሄድ በሌላው «ጥልቀቱ በዛ» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ፕሮግራም ትርጉም አለው ወይስ የለውም? በደንቡ የሚፈርድ ሰው አለው ይላል፤ እያንዳንዱ ቅንፍ ዘጊውን አግኝቷል፣ እያንዳንዱ ስም ታውቋል። በተሸካሚው የሚፈርድ ሰው ደግሞ ማንም ካልተሸከመው ትርጉም ማለት ባዶ ቃል ነው ይላል። ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሰው ቋንቋ ተመሳሳይ ልዩነት አድርጎ ነበር፦ የሰው የቋንቋ ዕውቀት ወሰን የለውም፣ የሚወሰነው አጠቃቀሙ ነው፤ ለዚያም ተጠያቂዎቹ ትውስታ፣ ድካምና ትኩረት ናቸው አለ። በዚህ አስተሳሰብ የበርበሬው ዓረፍተ ነገር ፍጹም አማርኛ ነው፤ ሰሚው ስለደከመ አማርኛነቱ አይቀርም።

ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ መሆኑን እኔም እቀበላለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ሰው ባለቤቶቹን ከግሦቻቸው ጋር በመስመር ቢያገናኝ አምስትም ስድስትም ቢሆኑ ይፈታቸዋል። ጊዜና ወረቀት የተሸካሚውን አቅም ያሰፋሉ፤ ስለዚህ ትርጉሙ ከመጀመሪያው እዚያ ነበረ ማለት ነው። የማልቀበለው ድካምን እንደ ተራ እንቅፋት ማየቱን ነው። ወሰኑ አንድ ቁም ነገር ይነግረናል፦ እስከዚህ ድረስ ሸክሙ የአንባቢው ነው፣ ከዚህ በላይ የጸሐፊው ነው። የሲ ደረጃ «ቢያንስ» ማለቱ ለኔ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰነዱ ጣሪያ አልሠራም፤ እንዲያውም ኮምፓይለር ሠሪዎች በተቻለ መጠን ቁርጥ ያለ ወሰን ከማድረግ እንዲቆጠቡ ይመክራል። የሠራው ወለል ነው። ደካማው ኮምፓይለር እንኳ ይህን ያህል ይሸከምልሃል፤ ከዚህ አልፈህ ከጻፍህ ግን ቃል የገባልህ የለም። እንዲህ ያለ ውል በጸሐፊና በአንባቢ መካከል በሰው ቋንቋም ቢኖር ብዙ የመንግሥት ደብዳቤና ብዙ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

በሰው ቋንቋ የተጻፈ ውል የለም፤ የተለካ ነገር ግን አለ። የፊንላንዱ የሥነ ልሳን ተመራማሪ ፍሬድ ካርልሶን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት በሰባት የአውሮፓ ቋንቋዎች ጽሑፍንና ንግግርን መርምሮ፣ አንዱ ሐረግ በሌላው መካከል የሚገባበት ጥልቀት በጽሑፍ ከሦስት፣ በንግግር ከሁለት እንደማያልፍ አገኘ። ከእነዚህ ቋንቋዎች አብዛኞቹ ግሣቸውን ቶሎ የሚናገሩ ናቸው። አማርኛ ግን ግሡን የሚያቆየው ለመጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ያልተቋጨ ነገር ይዞ መቆየት ለአማርኛ ተናጋሪ የዕለት ሥራው ነው። የቀድሞ የሰዋስው መምህራን ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ ማለታቸውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ሁሉም ነገር ሳይታሰር ይቆያል።

ቋንቋው ለዚህ ሸክም የራሱ መደገፊያ አለው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በላዩ ይዞ ይመጣል። በመክፈቻችን ያለው ደላላ ሴት ብትሆን ኖሮ «ነጋዴው ገበሬው ደላላዋ በርበሬ ረክሷል እንዳለችው ቢነግረው አላመነም» እንል ነበር፤ «እንዳለችው» ስንሰማ ማን እንዳለች ወዲያው እናውቃለን፣ ሸክሙም ይቀላል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዱን ዓይነት ቅንፍ ለስሌት፣ ሌላውን ለብሎክ፣ ሦስተኛውን ለአሬይ ማድረጋቸው ተመሳሳይ ጥቅም አለው፤ ዘጊው በመልኩ ከፋቹን ይጠራል። አራቱም ወንድና ነጠላ ሲሆኑ ግን ግሦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው የሚለያቸው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው።

አማርኛ በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ ወሰን አድርጓል፤ እሱም አንድ ነው። «የመጣው ልጅ መጽሐፍ» ስንል መጀመሪያ ላይ ያለው «የ» ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ልጁን በመምጣቱ ይገልጸዋል፣ መጽሐፉንም የልጁ ያደርገዋል። እንደ ሎጂክ ቢሆን «የየመጣው ልጅ መጽሐፍ» ማለት ነበረብን፤ ማንም አይልም። «ከመጣው ልጅ ተቀበልሁ» ስንልም «ከ» ሲገባ «የ» ይወጣል። (በ«የየራሳቸው» ውስጥ ያለው ድግግሞሽ ለእያንዳንዱ ማለት ስለሆነ ሌላ ነገር ነው።) «የጎረቤቴ ወንድም ሚስት አባት በሬ» አራት ዝምድናዎችን ደርቦ የያዘው በአንድ «የ» ብቻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ይታያል፤ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ ሰሚው ከስሞቹ ቅደም ተከተል ያሰላል። ይህን የወሰነ አካዳሚ የለም፣ ሰነድም የለም። ተናጋሪዎች በረጅም ዘመን ሁለት «የ»ዎችን ማስቀደም እንደማይበጅ ተስማምተው ያደረጉት ነው።

ጥልቀትን መሸከም የሚያስተምር ትምህርት ቤትም በጎጃም ነበረ፣ አለም። ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ የጎጃም ናቸው። በግእዝ የቃላት ቦታ ልቅ ስለሆነ ባለቤቱ በመጀመሪያ፣ ማሰሪያው በመጨረሻ፣ በመካከል ሌላ ሐሳብ ሊገባ ይችላል፤ ሰሚው ቅኔው ሲዘረፍ በጆሮ ብቻ ይዞ መፍታት አለበት። ተማሪው ግን ከስምንት ቤቱ መወድስ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ቤት በቤት እየጨመረ ይወጣል። መምህሩ የተማሪውን ወለል ከፍ ያደርጋል እንጂ ሸክሙን በአንድ ቀን አይጭንበትም። ከዚህ ትምህርት የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልቦለዳቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን ሳያደናግሩ መጻፍ የቻሉት አንዱን በአንዱ ውስጥ ከመክተት ይልቅ በቦዝ አንቀጽ እያያዙ ስለሄዱ ይመስለኛል። «ተነሥቶ፣ በቅሎውን ጭኖ፣ ወንዙን ተሻግሮ» እያለ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ረጅም እንጂ ጥልቅ አይደለም። እያንዳንዱ ቦዝ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል፤ አንባቢው ይዞት የሚቆየው አንድ ባለቤት ብቻ ነው።

ጥልቀት የግድ ሲሆንስ? ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፦ «በርበሬ ረክሷል ብሎ ደላላው እንደነገረው ገበሬው ቢገልጽለትም ነጋዴው አላመነም።» ያው አራት ሰውና ነገር፣ ያው ወሬ፤ ግን እያንዳንዱ ባለቤት ግሡ አጠገብ ስለቆመ ተይዞ የሚቆይ ነገር የለም። ሁለተኛው ለመካከለኛው ስም መስጠት ነው። በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ጸሐፊ አሥራ ሁለት ንብርብር በአንድ መስመር ከመደረብ፣ ሦስቱን ንብርብር በአንድ ስም አስታውቆ፣ በዚያ ስም ላይ ሌላ ሦስት ደርቦ ሌላ ስም ይሰጣል። ለአንባቢው እያንዳንዱ መስመር ከሦስት አይበልጥም። ጥልቀቱ አልጠፋም፤ በየእርከኑ የሚያርፍበት ስም አገኘ።

ሁለተኛው መውጫ ለምዕራብ ጎጃም እንግዳ አይደለም። የፕሮግራም ቋንቋ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት የርስት ሥርዓት የቆመው በዚህ ላይ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። ርስት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ መሬት መጀመሪያ ያቀናው አባት አለ፤ ከእሱ የተወለደ ሁሉ፣ በወንድም ይወለድ በሴት፣ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ጠያቂው ራሱን ከአቅኚው አባት ጋር የሚያገናኘውን የትውልድ ሐረግ መቁጠር አለበት፦ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያለ ወደ ላይ። በዳኛና በሽማግሌ ፊት ያለ ወረቀት የሚቀርብ የተከተተ ዲክላሬሽን ነው። አንድ ሰው ደግሞ በአባቱ በኩልም በእናቱ በኩልም ስለሚቆጥር፣ የብዙ አቅኚ አባቶች ልጅ ነው፤ ሐረጎቹም ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ የሰው አእምሮ የያዘው እንዴት ነው? ከአቅኚው አባት እስከ ዛሬው ገበሬ ያለው ሐረግ አንድ ወጥ ገመድ አልነበረም። በመካከሉ ምንዝር አባት የሚባሉ ነበሩ። የአቅኚው መሬት ለልጆቹ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል በአንዱ ልጅ ስም ይቆማል፤ ያም በተራው ሲከፈል በልጅ ልጅ ስም። ስለዚህ ተሟጋቹ ከላይ እስከ ታች ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መያዝ አያስፈልገውም። እስከ ምንዝር አባቱ ድረስ ያለውን ራሱ ያውቃል፤ ከምንዝር አባቱ በላይ ያለውን አገሩ ያውቃል፣ መሬቱም በስሙ ይጠራል። ስሙ ማሳው ላይ ስላረፈ እየታረሰ ይታወሳል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከቴክኒክ ወደ ፍትሕ የሚሻገረው። መካከለኛውን የሚሰይም ሰው ከታች ያለውን ሁሉ ይወስናል። የተከራከሩበት ነገር አቅኚው አባት ማን ነው የሚለው ብቻ አልነበረም፤ እገሌ ምንዝር አባት ነው ወይስ የምንዝር አባት ልጅ ብቻ የሚለውም ነበር። አንዱ እርከን ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል ድርሻው ይበዛል፣ ያንሳል። የሆበን ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሥልጣንና ደጋፊ ያለው፣ የትውልድ ቆጠራ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ማቅረብ የሚችል ሰው በመርህ እኩል መብት ካለው ዘመዱ ይበልጥ መሬት ይይዝ ነበር። የፕሮግራም ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ለሦስት ንብርብር አንድ ስም ሲሰጥ ውስጡን ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ስሙን አምኖ ይቀበላል፣ ገልጦ የሚያይ ጥቂት ነው። ስም ሸክም ያቀላል፤ ያቀለለበትን ያህልም ከዓይን ይሰውራል። ይህን እንደ ነቀፋ አልናገረውም። ያለ ምንዝር አባት ርስት አይቆምም፣ ያለ መካከለኛ ስምም ትልቅ ፕሮግራም አይጻፍም። ግን ስሙን ማን ሰጠው፣ መቼ፣ ከውስጡ ምን ነበር ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ መኖር አለበት። የርስት ሙግት ዓመታት የሚፈጀውም ይህን መጠየቅ ስለሚፈቅድ ነበር፤ ብዙ ሰው ሙግቱን እንደ በሽታ ብቻ ያየዋል፣ እኔ ግን የሥርዓቱ መፈተሻም ነበር እላለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ ዘጋው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ድርሻ ለመጠየቅ ከአቅኚ አባት መቁጠር ቀረ። ለብዙዎች፣ በተለይ ሐረግ ለሌላቸው፣ ይህ እፎይታ ነበር። የትውልድ ሐረጉ ግን ሥራውን አጣ፤ ሥራ ያጣ ዕውቀት ደግሞ በሁለት ትውልድ ውስጥ ይሳሳል። ዛሬ የፍኖተ ሰላም ወጣት ማንነቱን የሚያስታውቅበት ቅጽ ሦስት ቦታ አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ጥልቀቱ ሦስት ነው፤ ካርልሶን በጽሑፍ ካገኘው ጋር አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ግን ሦስት ለመያዝ ቀላል መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ለመለየት ሦስት ስም ይበቃል፤ ቅጹ የትውልድ ታሪክ እንዲጽፍ አልተጠየቀም።

ከቅጹ ጋር የምከራከረው በጥልቀቱ አይደለም። የምከራከረው በአቅጣጫው ነው። የርስት ሐረግ በሴትም ያልፍ ነበር። የደጋ ዳሞት ገበሬ በአያቱ እናት በኩል የመጣ መሬት ሲጠይቅ የሴቲቱን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ነበረበት፤ ካልጠራት ሐረጉ ይበጠሳል፣ መሬቱም ይቀራል። ከሦስቱ የቅጽ ቦታዎች ግን ሁለቱ በአባት መስመር ብቻ የሚሞሉ ናቸው። ኮፍ ለሰባተኛው ንብርብር ቦታ እንዳልነበረው፣ ይህ ቅጽ ለእናት ቦታ የለውም። ማንም እናትን ለማጥፋት ብሎ አላቀደውም ይሆናል፤ ስንት ቦታ ይበቃል ብሎ የወሰነ ሰው ነበር፣ ውሳኔውም ቀረ።

ሌላ ዓይነት መዝገብ ደግሞ በዚያው ገጠር አለ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይዟል። ማሳው የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ እየተባለ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጥልቀት የለውም፤ አንዱን ማሳ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ እርከን ያቆመዋል እንጂ ወደ ኋላ አይቆጥርም። ለዛሬ ባለይዞታ ይህ ከርስት ሐረግ የተሻለ ዋስትና ነው፤ የሚስት ስም በጽሑፍ መግባቱ ብቻ ስንት ሴት ከመፈናቀል እንዳዳነ ለመገመት አያዳግትም። ነገር ግን ማሳ ይከፈላል። ወላጅ ይሞታል፣ ልጆች ይወርሳሉ፣ አንዱ ማሳ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ባለበት በዚህ ዘመን ሠንጠረዡን የሚነድፍ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ አዲሱ ማሳ ከየትኛው ማሳ እንደተከፈለ፣ በማን በኩል እንደተወረሰ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ሲጻፍ ጥልቀት ይመጣል። ከአንድ ማሳ ወደ ወላጁ፣ ከወላጁ ወደ አያቱ እየወጣ የሚጠይቅ ትእዛዝ በዳታቤዝ ውስጥ አንዱ ጥያቄ በሌላው ውስጥ የሚገባበት ነው፤ የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሥርዓት ካልተለወጠ በቀር ይህን ከ100 እርከን በላይ አይሄድም። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢሆንና ማሳው በየትውልዱ አንድ ጊዜ ቢከፈል፣ 100 እርከን 2,500 ዓመት ነው። ስለዚህ ነዳፊውን ማሳሰብ ያለበት የማሽኑ ወሰን አይደለም። በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍፍል ምክንያት የሚጻፍበት አንድ ዓምድ፣ ለአውራሽ ስም ሌላ ዓምድ ይተው፤ አውራሿ እናት ስትሆን ስሟ በባሏ ወይም በአባቷ ስም ሳይሸፈን በራሷ ስም ይግባ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በወረዳው ጽሕፈት ቤት «ይህ ማሳ በማን በኩል መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ የልጅ ልጅ መልሱን የሚያገኘው ከእነዚህ ሁለት ዓምዶች ነው።